ኪርያላይሶን፤ ለእናቴ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ዘንድሮ ሕማማትን ሳልሰግድ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት» ስትዪኝ ድምፅሽ ሲሰበር ሰምቼ አንጀቴ ተላወሰ። ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ልጅ ሳለሁ ከጎንሽ ቆሜ ስትሰግጂ ግንባርሽ ላይ የሚቀረውን አፈር አይ ነበር። «ኪርያላይሶን ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅሽ «ማረን ማለት ነው ልጄ፣ ስገድ» አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ኪርዬ» ጌታ ሆይ፣ «ኤሌይሶን» ማር፣ ራራ ማለት ነው። እኔ ግን «ማረን» በተባለ ቁጥር የሚታየኝ ዳኛ ፊት የቆመ ጥፋተኛ ነበር። አንቺም ያልሰገድሽውን እንደ ዕዳ የምትቆጥሪው ለዚህ ይመስለኛል።

በወንጌል ይህን ቃል የሚጮኹትን ተመልከቻቸው። በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ሆኖ «ማረኝ» አለ፤ ጌታ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ግን የለመነው ዓይኑን ነው። ከነናዊቷም «ማረኝ» ብላ የጮኸችው ልጇን ጋኔን ይዞባት ነው። የሁለቱም ጥፋት አልተጠየቀም። ደጉ ሳምራዊ የቁስለኛውን ቁስል በዘይትና በወይን አክሞ፣ አስሮ፣ በራሱ አህያ ጭኖ ሲወስደው፣ ወንጌሉ «ምሕረት አደረገለት» የሚለው ከ«ኤሌይሶን» ጋር አንድ ሥር ባለው «ኤሌዎስ» (ምሕረት) በሚለው የግሪክ ቃል ነው። ምሕረት ከይቅርታም አልፎ የተቸገረን አይቶ መድረስ ነው። አንቺ በጎረቤት ሰው በታመመ ቁጥር አጥሚቱን ይዘሽ የምትሄጂው ማለት ነው።

ጌታ «ምሕረትን እወዳለሁ መሥዋዕትንም አይደለም» ሲል የተጻፈውም ያው ኤሌዎስ ነው። ከነቢዩ ሆሴዕ የተጠቀሰ ነው፤ በዕብራይስጡ «ሔሴድ» ይላል፤ የማይከዳ፣ የማይተው ፍቅር።

ከነናዊቷ እኮ ሰግዳለች ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጉልበት ነበራት። በርጤሜዎስ ግን የጮኸው ተቀምጦ ነው እማዬ። ሰዎች ዝም በል ቢሉትም ጌታ ቆመለት።

ለሚመጣው ሕማማት ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። ወንበርሽን ራሴ ተሸክሜ ዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አኖርልሻለሁ። አንቺ መቁጠሪያሽን ይዘሽ «ኪርያላይሶን» በዪ፤ እኔ ከጎንሽ እሰግዳለሁ።

ልጅሽ