የፓሽን ፍሩትን ሐረግ ለመግረዝ አንሳሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በግቢያቸው ፓሽን ፍሩት የተከሉ ሰዎች ሐረጉ አጥሩን ሸፍኖ ፍሬ ሲነፍጋቸው ፍግ ይጨምሩለታል፤ ይህ ግን ችግሩን ያባብሰዋል፤ በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የተባለ ንጥረ ነገር የበዛለት ተክል ቅጠል እንጂ አበባ አያበዛምና። ፍሬ የሚይዘው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ያረጀውንና የተጠላለፈውን ሐረግ ሳይሳሱ መግረዝ ይገባል። ሥሩ ከላይ ከላይ የሚሄድ በመሆኑም ዙሪያውን በጥልቀት መቆፈር ይጎዳዋል።

ፍሬው ቢጫ የሆነው ዝርያ ደግሞ ፍሬ ለመያዝ ከሌላ ተክል አበባ የመጣ የወንዴ ብናኝ ይፈልጋል። አበባው ፈክቶ የሚቆየው 1 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ትልልቅ ንቦች በማይኖሩበት ቦታ ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ አንስቶ በሌላው ተክል አበባ መሃል ጎልተው በሚታዩት 3 የሴቴ ጫፎች ላይ መቀባት ያስፈልጋል። በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መርጨትን ግን ንቦቹን ስለሚጎዳ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ