ቤዟ ደህና አይደለችም

ወፍራሜ፣

«ቤዟ እንዴት ናት?» ብለህ ነበር የጻፍክልኝ። ሦስት ቃል። አንብቤዋለሁ፤ እንዳነበብኩትም አይተሃል። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው።

መልሱ፦ ስትሄድ የተውክልኝ ቤዝ ጊታርህ ደህና አይደለችም። ማለቴ አንገቷ አልተሰበረም፣ አልሸጥኳትም፣ ከቤትም አልወጣችም። ግን ክሯን ነክቻለሁ። አደራ አትንካ ያልከኝን ክር።

እፎይ። በቃ ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ፣ ያሻህን ያህል ስደበኝ። ስታበቃ ግን ወደ ታች አንብብ፤ የፈለግኩህ ለሌላ ነገር ነው።

እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርህ፣ አለበለዚያ ሆን ብዬ ያደረግኩት ይመስልሃል። አንተ በሄድክ በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንድ ሁለት መስመር ተጫወትኩና በስልኬ ቀዳሁት። መልሼ ስከፍተው ምንም የለም። ጣቴ ክሩን ሲነካ «ቻክ፣ ቻክ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። ክሮቹ ሞተዋል አልኩ። ለካ ጥፋቱ የስልኩ ነው። ያቺ የጥፍር ያህል ድምፅ ማጉያ የወፍራሙን የኢ ክር 41 ኸርዝ ከየት ታምጣው! ክሩ አዲስ ቢሆን ከላይ የሚንጫጫው ትርፍ ድምፅ አለ፤ ጆሮ እሱን ይዞ የጎደለውን ታች ራሱ ይሞላዋል። ያንተ ክሮች ግን ትርፋቸው ካለቀ ዘመን የለውም፤ የቀራቸው «ዱም» ብቻ ነበር። በስልክ ደግሞ ዱም አይሰማም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ክሮቹን ፈትቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ እንደ ልማዴ።

ባንተ ለስላሳ ክሮች ፈንታ አዲስ ሸካራ ክር አሰርኩላት። ለአንድ ሳምንት በጣም ደስ አለኝ። «ድንንንግ» ትላለች፣ ፒያኖ ነው የምትመስለው። በሁለተኛው ሳምንት የማላውቃት ሰው ሆነችብኝ፤ ስትስቅ ጥርሷ ብቻ የሚታይ ዓይነት። ልመልስላት ብዬ አሮጌዎቹን ከካልሲ መሳቢያ አወጣኋቸው። ኢው በሰላም ገባ። ቀጥሎ ያለው የኤ ክር ላይ ስደርስ መቃኛውን ትንሽ እንዳዞርኩት፣ ቷ! ለዓመታት ተጠምዝዞ የኖረበት ቦታ ላይ ተበጠሰ። ጫፉን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ እንዳልኩ መልእክትህ ገባ። እውነቴን ነው፣ በዚያው ማታ። ወይም በማግስቱ።

ምን ብዬ ልመልስልህ? ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። «ደህና ናት» ብል ውሸት ነው። ወር አለፈ። ከወር በኋላ መመለስ ደግሞ ለመዘግየቱም ይቅርታ ይፈልጋል። ስድስት ወር ሲሆን ጭራሽ ስምህን ስልኬ ላይ ሳይ የባንክ ዕዳ ያየሁ ያህል ዓይኔን ማሸሽ ጀመርኩ። ሞኝነት ነው። ለክር! ግን አንተ ለክር እንደማትስቅ አውቃለሁ። ነቢይህ፣ የሞታውን ሙዚቃ ቤት ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጃመርሰን፣ በፈረንጆቹ 1962 የተሠራች ፕሪሲዥን ቤዙን ክር እስኪበጠስ አይቀይርም ነበር እያልክ ጆሮዬን ስትበላው ኖረሃል። ያን ሁሉ የሞታውን ሙዚቃ በአንዲት አመልካች ጣት እየነካካ! እኔ ደግሞ ሌላውን ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስን እጠራብህ ነበር፤ ፍሬት (አንገቱ ላይ የሚሰካው የብረት መስመር) በሌለው አንገት ላይ ሸካራ ክር አስሮ የሚያዘፍነውን። አንዱ በፈረንጆቹ 1983፣ አንዱ በ1987 አርፈዋል። እኛ በነሱ ክር ስንጨቃጨቅ ስንት ልምምድ አበላሸን። ድራመራችን ዱላውን አስቀምጦ የሚተኛው ትዝ ይልሃል?

እሺ፣ ወደ ዋናው ልምጣ።

የግራ እጄ የቀለበት ጣት ይቆለፋል።

ጠዋት ስነሳ ታጥፎ መዳፌ ላይ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ና ብለው አይመጣም። በቀኝ እጄ ቀስ አድርጌ ሳቃናው «ቀጭ» ይልና በአንዴ ይዘረጋል። ያኔ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ቀን ላይ ይሻለዋል፤ ሲፈልግ ግን ሸሚዝ ስቆልፍ፣ ቁልፍ ሳዞር ድንገት ይያዛል። ባለፈው ስብሰባ ላይ ለመናገር እጄን አወጣሁ። አራቱ ጣቶቼ ተዘርግተው አንዱ አጎንብሷል። አለቃዬ ምን ዓይነት ምልክት እንዳሳየሁት እስካሁን እያሰበ ይመስለኛል።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጅማቱ ጣት ሥር ባለች ቀለበት መሰል ማሰሪያ ውስጥ ያልፋል አለኝ፤ መተላለፊያው ሲጠበው ይያዝና ተስፈንጥሮ ይወጣል። እረፍት፣ ማታ ማታ ጣቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ፣ ካልሆነ መርፌ፣ እሱም ካልሆነ ትንሽ ቀዶ ጥገና። ከዚያ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። «የቢሮ ነው» አልኩት። ቤዝ እጫወታለሁ ለማለት አፈርኩ፣ ታምናለህ? በዚህ ዕድሜዬ፣ ባንድ በሌለኝ ሰው! ሚስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ «ንገረው እንጂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትገዘግዝ የምታድረውን!» ሰውየው ሳቀና መንስኤው ይህ ነው ለማለት ባይቻልም አጥብቆ መጨበጥ አይጠቅመውም አለኝ።

አጥብቆ መጨበጥ ሲል አንተን ሰማሁህ። «አንገቷን ልቀቃት፣ ሌባ የያዝክ እኮ ነው የምትመስለው!» ስንት ጊዜ ብለኸኛል? እኔ ደግሞ ክሩን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ፣ ክር ከፍ ካላለ ቶን የለም እያልኩ፣ አውራ ጣቴ እስኪነጣ እጨምቃት ነበር። ጊታር ሠሪው ፌንደር በፈረንጆቹ 1951 ቤዝ ላይ ፍሬት የሰካበት ለዚህ አልነበረም። ጣት ከፍሬቱ ጀርባ ጠጋ ብሎ ካረፈ በቂ ነው፤ ትክክለኛውን ድምፅ ፍሬቱ ይሰጣል። «ፕሪሲዥን» (ትክክለኛነት) ያለውም ለዚሁ ነው። እኔ ግን ለሃያ ዓመት ብረቱን እንጨት ውስጥ ላስገባው ስታገል ኖርኩ።

በዚያ ላይ ያ «ለአንድ ፍሬት አንድ ጣት» የምለው ሕጌ አለ። ሰሞኑን በማስመሪያ ለካሁት። ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ አራተኛው 13 ሴንቲ ሜትር ነው! የኔን እጅ ታውቀዋለህ። አንተ በመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ ፍሬቶች ላይ ስትሆን በሦስት ነበር የምትሄደው፤ አመልካች፣ መካከለኛ፣ ከዚያ የቀለበቷና ትንሿ አንድ ላይ ተደጋግፈው፣ እንደ ቆመው ትልቁ ቤዝ ተጫዋቾች። እኔ «ጣት ቆጣቢው» እልህ ነበር። «ለክፉ ቀን እያስቀመጥክ ነው ወይ?» እያልኩ በሰው ፊት አሳቅኩብህ። ክፉው ቀን የኔ ሆነ። ይኸው ጣት ልበደርህ መጣሁ።

አስተምረኝ።

ሞክሬዋለሁ፤ አቀማመጡ ገብቶኛል። የማይገባኝ እጄ ሲንሸራተት ነው። ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ፍሬት ስሄድ መሀል ላይ ድምፁ ይቆረጣል፤ ቀዳዳው ይሰማኛል። ያንተ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሰምቼ አላውቅም። ትንሿን ጣት እስከ መጨረሻው ሰዓት ይዘህ ነው የምትሄደው? ወይስ ክፍት ክር እየመታህ ነበር የምታመልጠው? ሁልጊዜ ፊትህን እንጂ እጅህን አላይም ነበር፤ ያ የሚያስቀው አፍህ ትኩረቴን እየወሰደብኝ። ከ12ኛው ፍሬት በላይ አትንገረኝ፤ እዚያ ፍሬቱ ጠባብ ነው፣ በማንኛውም ጣት ይሆናል። አንተም ከዚያ በላይ ወጥተህ አታውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይለኝም። እረፍት ስለተባልኩ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው የምነካት። አምፕሊፋየር የለም፣ ልጆቹ ተኝተዋል። አንድ ማታ እግሬን ዘርግቼ መሬት ላይ ተቀምጬ የአንገቷን ጫፍ ቁም ሳጥኑ ላይ አስደገፍኩ። ወፍራሜ፣ ቁም ሳጥኑ ተናገረ! የበሩ ሳንቃ በሙሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት አይሰማውም፣ እኔ ግን ጀርባዬ ድረስ ይሰማኛል። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ሶል ስነካ የልብስ መስቀያዎቹ ይንጫጫሉ፤ መሀላቸው ፎጣ ጣልኩና ዝም አሉ። ትንሿ ልጄ ከእንቅልፏ ተነስታ መጣች። ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ ቆይታ «ውስጥ ማን አለ?» አለችኝ። ማንም የለም ብላት አላመነችኝም። ከፍታ፣ ኮቶቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ፈትሻ፣ መልሳ ዘጋችው። አሁን ሳልጫወት ካመሸሁ «ሰውየው ዛሬ የለም?» ትላለች።

ያን ሁሉ ድምፅ የሚቀይር ፔዳል የገዛሁበትን ገንዘብ ሳስብ! ከስድስቱ አምስቱን ሸጥኳቸው። ስድስተኛው ውስጥ ባትሪ ረስቼ ፈሳሹ በልቶታል። አንድ ጊዜ ሚስቴን አስቀምጬ በፔዳልና ያለ ፔዳል አሰማኋት፣ ልዩነቱን ንገሪኝ ብዬ። ዓይኗን ጨፍና በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ «የመጀመሪያው አንተ ነህ፤ ሁለተኛውም አንተ ነህ» አለች። ያኔ ተናድጄ ነበር።

ሌላው ደህና ነው። ትልቁ ልጅ ቁመቴን አልፏል፣ ጸጉሬ ሸሽቷል፣ ሥራው ያው ነው። ያንተን አልጠየቅኩም። እጠይቅሃለሁ፣ አሁን ግን ጠይቄህ መልሱን ለመስማት ፊት የለኝም።

ስለ ክሩ ልጨርስ። ሦስቱ ያንተ ክሮች ተመልሰው ታስረዋል። ለኤ ለስላሳ ክር ገዝቼ ጨመርኩ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሽማግሌ መሀል የገባ ጎረምሳ ነበር፤ እሱ ሲናገር ሌላው አይሰማም። ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ አጠገብ፣ ከክሮቹ ሥር ስፖንጅ ወሸቅኩበት፣ ቀስ አድርጌ መታሁት፣ ላቤን አጠጣሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ አሁን አሁን ጢም ማብቀል ጀምሯል። ግን የድሮውን ቁጥር ስለማላውቅ በግምት ነው የገዛሁት፤ ውፍረቱ ስንት ነበር? ትዝ ይልሃል? መሆን ያለበት ሌላ ከሆነ እቀይረዋለሁ። ወይም... መጥተህ ራስህ አይተህ ትወስናለህ። መጥተህ ውሰዳት ማለቴ አይደለም። ከፈለግክ ግን ውሰዳት። ያንተው ናት። ብቻ ልጅቷን አንተ ታስረዳታለህ።

ከዚህ ጋር ሁለት ቅጂ ልኬልሃለሁ፣ ያንኑ የድሮ መስመራችንን ነው። አንዱን ጣቴ ከመቆለፉ በፊት በአራት ጣት፣ በድሮው ጭመቃዬ ነው የተጫወትኩት። ሌላው የትናንት ማታ ነው፣ በሦስት ጣት፣ ቁም ሳጥን ተደግፌ። የትኛው የቱ እንደሆነ አልነግርህም። አደራህን ጆሮህ ላይ ደህና ማዳመጫ አድርገህ ስማው። በስልኩ ማጉያ ከከፈትከው ከሁለት ዓመት በኋላም ምንም አልላክልኝም ትላለህ።