ኬላው ላይ የቆመ ስዊች

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም እንደምታውቃት ናት፤ ይህን ስጽፍልህ የክረምቱ ጉም ከጦሳ ወርዶ ግማሽ ከተማውን ውጦታል።

ስለ ዝምታዬ ሰበብ አልደረድርም። የ2014ቱ ጥቅምት ከደሴም ከኮምቦልቻም በየአቅጣጫው በትኖን ነበር፤ ስልኬም ያኔ ጠፋ። እሱ ግን ቢበዛ ለአንድ ዓመት ሰበብ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሐፍረት ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ አሮጌ ስዊች፣ ኮምፒውተሮቹን ከሚያገናኘው ሣጥን፣ ጋር ስታገል ግን ለአንተ ካልሆነ ለማንም የማይነገር ነገር ገጠመኝ።

የምሠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ሁለት የኢንተርኔት መስመር አለን፤ አንዱ ፋይበር፣ ሌላው በስልክ ሽቦ የሚመጣ ቀጭን። ተማሪዎቹ ከኮምፒውተር ክፍሉ ኳስ ሲያዩ ፋይበሩን ይሞሉትና ሬጅስትራሩ አንዲት ውጤት መላክ ያቅተዋል። ዲኑ ጠርተው «ተማሪዎቹን በቀጭኑ ስደዳቸው» አሉኝ። አባባሉ ቀላል ነው።

ኮምቦልቻ ስንማር ስለ ራውተር፣ የመረጃን መንገድ ስለሚመርጠው መሣሪያ፣ ያስረዳኸኝ ትዝ ይልሃል? መገንጠያው ላይ ቆመን፣ ወደ ባቲና ሚሌ የሚሄደው ከባድ መኪና በቀኝ ሲታጠፍ፣ ወደ ደሴ የሚወጣው በሐረጎ ዳገት ሲያቃስት፣ «ራውተር መንገደኛን የሚጠይቀው ወዴት ነህ ብሎ ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ ግድ የለውም» አልከኝ። እስከ ዛሬ እንጀራ የበላሁት በዚያች ትምህርት ነው። አሁን ግን የሁሉም መድረሻ ያው ኢንተርኔት ነው፤ የሚለያዩት በመጡበት ነው። እዚህ መንገድ የሚመርጠው ስዊቹ ነውና እንደ አገራችን ሽማግሌ «የየት ልጅ ነህ?» ብሎ ማሳለፍ አለበት።

የተማሪዎቹን አድራሻ፣ 10.10.20.0ን፣ የሚለይ ዝርዝር አወጣሁ። ራውት ማፕ የሚባለውን የመንገድ ትእዛዝ ጻፍሁና ከዝርዝሩ ጋር የገጠመውን ሁሉ ለቀጭኑ መስመር ራውተር አስረክብ አልሁት። ትእዛዙን ያሰርሁት ፓኬቶቹ፣ ተቆራርጦ የሚጓዘው መረጃ፣ በሚገቡበት በተማሪዎቹ ቪላን፣ ለብቻው በተከለለው ኔትወርካቸው፣ ላይ ነው፤ ኬላ ከመገንጠያው በፊት ካልቆመ ምን ይሠራል?

ስዊቹ ዝም ብሎ ተቀበለኝ፤ ተማሪዎቹም በፋይበሩ ኳሳቸውን ማየት ቀጠሉ። የተመዘገበውን ባወጣው ያሰርሁት ትእዛዝ የለም! ሁለት ቀን ሙሉ የፊደል ስህተት ስለቅም ዋልሁ። ለካ ይህ ስዊች የሃርድዌር ማኅደሩን ለየሥራው የሚያከፋፍልበት አብነት አለው፤ በተለመደው አብነት ለዚህ ሥራ የተተወ ቦታ የለም። አብነቱን ወደ ራውቲንግ መቀየርና ስዊቹን አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል። የዓርብ ምሳ ሰዓት ረዘም ስለሚል ያኔ አስነሳሁትና ጁምዓ ሄድሁ። ዱዓዬ ሁሉ ስለ ስዊቹ ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

ስመለስ ኳሱ ቆሟል፤ የፈተናው ሰርቨርም አብሮ ጠፍቷል። ከክፍሉ የሚወጣውን ሁሉ ብዬ አዝዤ የለ? እግሩ ሥር ላለው ሰርቨር የሚላከውም ፓኬት ወደ ቀጭኑ መስመር እየተገፋ ይቀራል። ጎረቤቱን ሊጠይቅ የወጣውን ሰው ሚሌ አደረስሁት። ዝርዝሩ አናት ላይ «ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን ተወው» የሚል የክልከላ መስመር ጨመርሁ። ሠራ፤ ግን ስዊቹ እንደ ሐረጎው መኪና ማቃሰት ጀመረ። በዚህ ዓይነቱ ስዊች ከክልከላ ጋር የሚገጥም ፓኬት በሃርድዌሩ በፍጥነት ማለፉ ይቀርና ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል፤ ክፍሉ በሙሉ ፈተና ሲከፍት ያ ምስኪን ፕሮሰሰር ከየት ይችለዋል? በመጨረሻ ለሰርቨሩ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ገዝቼ እዚያው የተማሪዎቹ ቪላን ውስጥ አስገባሁት። አንድ ግቢ የሚኖር ሰው ኬላ አያቋርጥም። እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ፤ ግን ይሠራል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የቀጭኑ መስመር ራውተር ራሱ ቢጠፋ ስዊቹ ተማሪዎቹን ወደ ተለመደው መንገድ ይመልሳቸዋል። ራውተሩ በርቶ ከእሱ ወዲያ ያለው ሽቦ ቢበጠስ ግን አያውቅም፤ ወደ ገደል ሲነዳቸው ይውላል። የደሴን ክረምትና የስልክ ሽቦን ደግሞ አንተ ታውቃለህ። መስመሩን በየጥቂት ሰከንዱ የምትፈትሽ ትንሽ ስክሪፕት ልጻፍ ወይስ ዲኑን ሌላ ስዊች ልለምን? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

አዲሱን ስልኬን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ለመስቀል ወደ እናትህ ከመጣህ አንድ ቀን ለእኛ ቤት ተውልን፤ እናቴ ከአቦል እስከ በረካ ሳትጠጣ አትለቅህም። ያን የወሰድከውን፣ ስዊች የምናዝበትን የኮንሶል ገመድም ይዘህልኝ ና፤ እስካሁን የምሠራው በውሰት ገመድ ነው።

ወንድምህ
ከደሴ