እርዳታው ከየት እንደጀመረም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከጎንደር አዘዞ ነው። ቤተ ክርስቲያኖች ከውጭ አጋሮች ጋር ሆነው ገጠር ውስጥ ስለሚሰሩት ስራ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ማውጣታችሁ ደስ ብሎኛል፣ ግን ነገሩ ሁሉ ሪባን የተቆረጠ ቀን የጀመረ ነው የሚመስለው።

እኔ ያደኩት ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር የሚኬድ ቀበሌ። እናቴ ውሃ የምትቀዳው ሰውም ከብትም ከሚጠጣው ምንጭ ነበር፣ በጋ ላይ ደሞ ወረፋው ስለሚረዝም ገና በሌሊት ነው የምትወጣው። ይሄን ለሀገረ ስብከቱ በደብዳቤ ያመለከቱት የደብራችን ቄስ ናቸው፣ ማንም መጥቶ ጠይቋቸው አይደለም። ደብዳቤው ዞሮ ዞሮ ውጭ አገር ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጋ ደረሰ፣ ግንኙነቱ የተጀመረው በዚች ወረቀት ነው።

መጀመሪያ የእጅ ፓምፕ ተተከለልን፣ እልል ተባለ። ከጊዜ በኋላ የውስጡ ጎማ (ጎሚኒ) አለቀና ቆመ፣ መለዋወጫ የት እንደሚገዛ ማን እንደሚገጥመው ለማንም አልተነገረም፣ እናቶችም ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሱ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል ምክንያቱም የሰጡት ሰዎች ከልባቸው ነው የሰጡት፣ ፓምፑ ሲበላሽ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ነገሩን ያቃናው ሰንበቴ ነው። አጋሮቹ እንደገና ሲመጡ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ወይራው ስር ተቀመጡና ሰው ሁሉ ይናገር ተባለ፣ ሴቶቹ ተነስተው እኛ የሰንበቴ ዳቦና ጠላ በተራ ስናወጣ ስንት ዓመታችን፣ ተራ ተጓድሎ አያውቅም፣ የውሃውንም ብር በዚሁ እንሰብስበው አሉ። ከዛ ምንጩ ጎለበተ፣ ማለትም ተገንብቶ በቧንቧ እንዲወርድ ተደረገ፣ ድንጋይና አሸዋውን ሰዉ በደቦ አጋዘ፣ ሲሚንቶና ቧንቧው ከአጋሮቹ መጣ፣ ሁለት ሴቶችም ጥገና ሰለጠኑ። መዋጮው አሁንም በየወሩ ይሰበሰባል፣ ቧንቧ ሲበላሽ በዛው ቀን ይሰራል።

ብዙ ሰው እንዲህ አይነቱ ትብብር በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የፈረንጅ አውሮፕላን ስንዴ ይዞ ሲመጣ የተጀመረ ይመስለዋል፣ አይደለም። በ1940 ዓ.ም የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲመሰረት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስራቾቹ አንዷ ነበረች፣ የራሷን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም ያቋቋመችው በ1964 ነው፣ የወሎው ድርቅ እንኳ ገና አገሩን ሳያንቀጠቅጥ ማለት ነው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ደሞ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና መካነ ኢየሱስ ተባብረው ጦርነቱ መሀል ላለው ህዝብ እህል ያደርሱ ነበር፣ ዛሬ ላለነው ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ እባካችሁ ጋዜጠኛ ስትልኩ ከምረቃው ሁለት ሶስት ዓመት በኋላ ላኩ፣ ሰንበቴ ላይ ካሉት እናቶች ጋር ይቀመጥ፣ መዋጮ ማን እንደሚይዝ ይጠይቅ፣ እኔም እስከ ቀበሌው እወስደዋለሁ። ከኛ ወዲያ ማዶ ያለው ደብርም ዘንድሮ እንደኛው ደብዳቤ ጽፏል፣ መልስ እየጠበቁ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ