ልቡ የሰፋ ወንድ ልጅ ሲመጣ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የጤና ዓምዳችሁ ማይቶኮንድሪያን «የሴል ኃይል ማመንጫ» እያለ ያልፋል። ልክ ነው። ግን ኃይሉ የሚመነጨው ከስብና ከፕሮቲን በተሠራ የውስጥ ሽፋን ላይ ነው። ስቡ ሲበላሽ ሰው ይታመማል፤ ባርዝ ሲንድረም የሚባለው፣ በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዘው የልብ በሽታ የሚመጣው በዚህ ነው። ይህን ባነሣችሁት ደስ ይለኛል።

ከስቦቹ አንዱ ካርዲዮሊፒን ነው። ሜሪ ፓንግቦርን እ.ኤ.አ. በ1942 ከበሬ ልብ ለይተው አወጡት። ነፍሰ ጡሮች ለቂጥኝ የሚመረመሩበት የቪዲአርኤል ኬሚካልም ውስጥ አለ። እኛ የላብራቶሪ ሠራተኞች በደንብ እናውቀዋለን።

ካርዲዮሊፒን አራት የስብ ጭራ አለው። ኃይል የሚያመነጩትን ፕሮቲኖች አንድ ላይ አጣብቆ ያቆማል። ጭራዎቹን የሚያስተካክለው ታፋዚን የሚባል ኤንዛይም ነው። የታፋዚን ጂን ሲበላሽ ካርዲዮሊፒን ያንሳል፤ አንድ ጭራ የጎደለው ዓይነት ደግሞ ይከማቻል። ባርዝ ሲንድረም ይህ ነው፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1983 በዝርዝር ከገለጹት ከኔዘርላንዱ ሐኪም ፒተር ባርዝ ነው። ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። እናት ራሷ ሳትታመም ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ይህ ግን የማንም ጥፋት አይደለም።

ልብ ይሰፋል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ዕድገት ይዘገያል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፤ ልጁም ኢንፌክሽን ይመላለስበታል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲወጣ «ኖርማል ነው፣ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው» ይባላል። ለብዙው ሰው እውነት ነው። በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ላይ ልቡ ሰፍቶ ለታየና ኪሎ አልጨምር ላለ ወንድ ሕፃን ግን በዚህ መታለፍ የለበትም። በባርዝ የኒውትሮፊል ቁጥር ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ ደህና ሆኖ መገኘቱም ዋስትና አይሆንም።

እናትየውን መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም፦ በእናት በኩል በሕፃንነቱ የተቀጨ ወንድም ወይም አጎት አለ? ምርመራው ራሱ ወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ጭራ የጎደለውን ካርዲዮሊፒን ከሙሉው ጋር ማወዳደር ነው።

ከታወቀ የሚደረግ ነገር አለ። የልብ መድኃኒት፣ ትኩሳት ሲነሣ ፈጣን አንቲባዮቲክ፣ ኒውትሮፊል የሚያነሣ መርፌ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ካርዲዮሊፒን ላይ የሚሠራውን ኤላሚፕሬታይድ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ ታማሚዎች ፈቅዷል። ሕፃናቱ ገና እዚያ ኪሎ አይደርሱም። እስኪደርሱ በሕይወት የሚያቆያቸው በሽታቸው ቶሎ መታወቁ ነውና እባካችሁ የልብ ሐኪም ጋብዛችሁ ጻፉበት።

አክባሪያችሁ፣
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ