ለአደን ወደ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ለምትሄዱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከጎጃም ተነሥቶ በአስጎብኚ እየተመራ ለማደን ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቀን ዋጋውን ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ሌላው ነው። የእያንዳንዱ እንስሳ ክፍያ ለብቻው ይታሰባል፤ አውሬው ቆስሎ ቢያመልጥም ደሙ ከታየ ሙሉው ይከፈላል። ቆዳና ቀንድ ማዘጋጃው፣ ማጓጓዣውም እንደዚሁ። ይህ በውሉ ላይ ካልሰፈረ ቀብድ አትላኩ።

ጊዜው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ ይሁን። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲበረታ እዚያ ደረቅ ነው፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ አውሬውም ወደ ውኃ ይሰበሰባል። ንጋቱ ይበርዳልና ወፍራም ልብስ ያዙ።

ጠመንጃ ይዞ ደቡብ አፍሪካ የሚገባ ሰው የፖሊሱን ቅጽ 520 በጥቁር ቀለም ይሙላ፤ ፊርማውን ግን እዚያው ፖሊሱ ፊት ያኑር። ለአንድ ጠመንጃ ከ200 ጥይት በላይ አይፈቀድም። እዚያው መከራየት እጅግ ይቀላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን አተኳኮሱ ነው። የአጋዘንና የሳላ ልብ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ገፋ ብሎ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ይገኛል። ጎኑን ሲሰጥ የፊት እግሩን መስመር ተከትላችሁ፣ ከደረቱ ሥር እስከ ጀርባው ካለው ሲሶውን ያህል ከፍ አድርጋችሁ አልሙ። ከትከሻው ኋላ ርቆ የተተኮሰ ጥይት ሆድ ይመታል፤ እንስሳውም ሲሠቃይ ይውላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቆማችሁ፣ በሦስት እግር መደገፊያ፣ በ100 ሜትር ተለማመዱ።

ጋዜጣው የአደን ማስታወቂያ ሲያወጣ የዋጋውን ዝርዝር አብሮ እንዲያትም እንጠይቃለን።

የአደን አስጎብኚዎች፣ ከባሕር ዳር