የንግግር ክበባችን ዓመት ከጄሪ ክላወር ጋር

ዘንድሮ የንግግር ክበባችን ክርክር ላይ ብቻ አልቆየም፣ ልጆቹ አንድ ሰው በደንብ እንዲያጠኑ ነው ያደረግነው። ሰውየው ጄሪ ክላወር ይባላል፣ መድረክ ላይ ገጠመኝ እያወራ ሰው የሚያስቅ፣ የደቡብ አሜሪካ ሳይሆን የአሜሪካ ደቡብ ሰው ነው፣ ሚሲሲፒ የሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ሊበርቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1926 የተወለደ የገጠር ልጅ። እሱን የመረጥኩት ልጆቻችን ጥሩ ተናጋሪ መሆን ማለት ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ኮሜዲያን መቅዳት እየመሰላቸው ስለመጣ ነው፣ ክላወር ግን ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ስላደገበት ሰፈርና ስለ ጎረቤቶቹ ነው፣ በዛው አገር አወቀው።

ሃይስኩል እንደጨረሰ ባሕር ኃይል ገባ፣ ሲመለስ ሚሲሲፒ ስቴት የሚባል ኮሌጅ ግብርና ተማረ፣ እዛው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫወተ፣ ኋላ ያዙ ሲቲ የምትባል ከተማ ማዳበሪያ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ገባ። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ገበሬ ሰብስበህ ስለ ናይትሮጅን ብቻ ብታወራ ማን ይሰማሃል፣ ስለዚህ መሃል መሃል ላይ የልጅነት ገጠመኙን ጣል ማድረግ ጀመረ፣ ሰዉም ወደደለት፣ በየስብሰባው ይጠሩት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1970 ቴክሳስ ውስጥ ለቦክ የምትባል ከተማ ላይ ያወራው በቴፕ ተቀድቶ አልበም ሆነ፣ ቀጥሎ ኤምሲኤ ሪከርድስ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አስፈረመው፣ በ1973 ደግሞ ናሽቪል ከተማ ያለው ታዋቂ የካንትሪ ሙዚቃ ዝግጅት፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ አባሉ አደረገው፣ የካንትሪ ዘፋኞች መድረክ ላይ የማይዘፍን ሰው ማለት ነው። ይሄ ሁሉ የሆነው ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ ነው እኮ!

ልጆቹ በጣም የወደዱት ክላወር የሚያወራውን የራኩን አደን ነው፣ ራኩን ዛፍ ላይ የሚወጣ ትንሽ የአሜሪካ የዱር እንስሳ ነው። ጆን የሚባል ሰው አለ፣ እንስሳውን ዛፍ ላይ እንዳለ በጥይት መምታት ነውር ነው ባይ፣ ራሱ ወጥቶ ነው የሚያወርደው። አንድ ሌሊት ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲደርስ ያለው ራኩን ሳይሆን ቁጡ የዱር ድመት ሆነ፣ ከላይ ትግልና ጩኸት ብቻ፣ ጆን ተኩሱ እያለ ይጮኻል፣ ከታች ያሉት አንተን እንዳንመታ ብለን ነው ሲሉት፣ ዝም ብላችሁ ወደዚህ ተኩሱ፣ ከሁለት አንዳችን እንኳን እንገላገል! አላቸው። ደጋግመን ስንሰማው ያየነው ነገር፣ ክላወር ዛፉ ላይ ለመድረስ አይቸኩልም፣ መጀመሪያ ውሾቹን፣ ጫካውን፣ የጆንን ጠባይ ያሳየናል፣ ጆን ዛፍ ላይ ሲወጣ እኛ አውቀነዋል፣ ለዛ ነው የምንስቀውም የምናዝንለትም።

ከዛ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ገጠመኝ እንዲያመጣ አዘዝን። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አያቷ ለበዓል ዶሮ ሲገዙ የሆነውን አመጣች፣ መጀመሪያ አያቴ ተከራክረው ገዙ ብላ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፣ ጓደኞቿ እንዴት ነው የያዟት? ምን አሉ? እያሉ ሲያፋጥጧት እንደገና ጀመረች፣ ዶሮዋን ገልብጠው፣ በእጃቸው መዝነው፣ ላባውን እፍ ብለው ስብ መኖሩን ሲያዩ፣ ነጋዴው ደግሞ ፊቱን ሲያዞር፣ እጇም ድምጿም አብሮ ይሰራ ነበር፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የዓመቱ ምርጥ ንግግር ለኔ እሱ ነው፣ በወላጆች ቀንም እሱን ነው ያቀረበችው።

ሌላው ብዙ ያወያየን የሰውየው ጨዋነት ነው። ባፕቲስት ዲያቆን ነበር፣ ስድብና ብልግና መድረክ ላይ አያወጣም። ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይቶ በሚኖርበት ዘመን ያደገ ነጭ ሚሲሲፒያዊ ሆኖ ሳለ ሐሳቡን ቀይሮ ዘረኝነትን በአደባባይ ተቃውሟል፣ እዛ አገር በዛ ሰዓት ይሄ ቀላል አይደለም፣ ከደንበኞቹም ከጎረቤቶቹም ጋር የሚያጋጭ ነገር ነው። ልጆቹ ሰው የሚያስቅ ሰው ቁም ነገር ሲናገር ይሰማል ወይ ብለው ተከራከሩ፣ እኔ ይሰማል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሰዉ ቀድሞ ወዶታል። ክላወር እ.ኤ.አ. በ1998 ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ አረፈ፣ 71 ዓመቱ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ሁሉ ይችላል። ድምጽ ማጉያ ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደስ ይለናል። አያቶችም አርብ ከሰዓት መጥታችሁ የልጅነታችሁን ብታጫውቱን ወንበር ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።